ንግግርና ሰሚው

የንግግር ሚዛኑ የሰሚው ልብ ነው። ይህን አገራችን ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች። በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ ብልህ ነገረ ፈጅ የዳኛውን ጠባይና የችሎቱን ሕዝብ አዝማሚያ ሳያጤን ቃሉን አይጀምርም ነበር። በኦሮሞ የሸንጎ ልማድም ሽማግሌው አስቀድሞ ይመርቃል፤ በምርቃቱ የተሰብሳቢውን ልብ አንድ ካደረገ በኋላ ወደ ነገሩ ይገባል። ዛሬ ግን ንግግር ማዘጋጀት ማለት ያማረ ቃል መሰብሰብ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ስለዚህ አንድ ታላቅ ንግግር መርምረን፥ በሰኮሩና በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች ለሕዝብ ለሚደረገው የዘወትር ንግግር ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ለማየት እንሞክራለን።

ይኸውም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ያሰሙት ንግግር ነው። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መድረኩ ሲወጡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኩ፤ እርሳቸው ግን ረባሾቹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ።

የንግግሩ የመጀመሪያ ብልሃት መነሻው ነው። ተናጋሪው ለኢትዮጵያ እዘኑላት ብለው በመለመን ብቻ አልቆሙም፤ አድማጮቹ ራሳቸው የፈረሙትን ቃል ኪዳን አስታወሷቸው። የዚህ ቃል ኪዳን 16ኛው አንቀጽ ኪዳኑን አፍርሶ በአንዱ አባል ላይ የተዋጋውን በሁሉም ላይ እንደ ተዋጋ ይቈጥረዋል። በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ ጉዳይ የእያንዳንዱ ትንሽ አገር ጉዳይ ሆነ።

ሁለተኛው ብልሃት የመርዙን ነገር ያስረዱበት አኳኋን ነው። «ግፍ ተፈጸመብን» ብለው አላለፉም። አውሮፕላኖቹ 9ም፥ 15ም፥ 18ም እየሆኑ ሲከታተሉ፥ መርዙም እንደ ዝናብ በወታደሩ፥ በሴቱና በሕፃኑ፥ በከብቱ፥ በወንዙና በግጦሹ ላይ ሲወርድ አሳዩ። ያላየውን ሰው እንዳየ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ቍጥርና ተጨባጭ ነገር ነው።

ነቀፋም አይጠፋለትም። በመካከል የሚገኘው የስምምነቶችና የወልወል ግጭት ታሪክ ለሕግ ዐዋቂ ቢጠቅምም፥ ትርጕም እየጠበቀ ለሚሰማ ሰው ይረዝማል። አስቀድሞ የተሣለው ሥዕል እዚህ ላይ ይቀዘቅዛል፤ በመጨረሻ ለሕዝባቸው ይዘውት የሚመለሱትን መልስ ሲጠይቁ ግን እንደ ገና ይሞቃል።

ጉባኤውን አሳመነውን? አላሳመነውም። የእንግሊዝ መንግሥት በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ መፈለጉን በዚያው በሰኔ ወር ከንግግሩ ቀደም ብሎ አስታውቆ ነበር፤ በሐምሌም ማዕቀቡ ተነሣ። አሳቡን ቈርጦ የመጣን ሰሚ ያማረ ቃል ብቻውን አይመልሰውም። ይሁን እንጂ ንግግሩ ከአዳራሹ ውጭ ሌላ ሰሚ ነበረው። ከ27 ዓመት በኋላ፥ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሲናገሩ ያንኑ የዤኔቩን ቀን አነሡ። በዚህ ጊዜ ግን ነጻ የወጡ ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ከፊታቸው ተቀምጠው ስለ ነበር፥ ስለ ዘር እኩልነትና ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ አጥብቀው ተናገሩ። ስለ ዘር እኩልነት ያሉትንም የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በ1968 ዓ.ም. በዜማ ለዓለም አሰማው።

አሁን ከታላቁ ጉባኤ ወደ ሰኮሩ ገበሬ እንምጣ። በዤኔቭ አማርኛ መናገር የአገር ነጻነት ምልክት ነበር። ለጅማ ገበሬ ግን የሚስማማው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ ይኸው ነው። ሆኖም ቋንቋው ተለውጦ አሳቡ የጽሕፈት ቤት ሪፖርት ሆኖ ከቀረ ምን ይጠቅማል? ባለ ቡናውን «የምርት ጥራት ይሻሻል» ቢሉት ይሰለቻል። ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ለይቶ ቢለቅም፥ መሬት ላይ ከማስጣት ይልቅ በአልጋ ላይ ቢያደርቅ፥ ጀንፈሉ ከአፈርና ከሻጋታ እንደሚድን፥ ነጋዴውም ዋጋ ለመስበር ምክንያት እንደሚያጣ ቢነግሩት ግን ነገሩን የራሱ ያደርገዋል።

ይህም ብቻ አይበቃም። ገበሬው ጥሬውን ቀላቅሎ የሚለቅመው ሌባ ፈርቶ ወይም ገንዘብ ቸግሮት እንደ ሆነ ተናጋሪው አስቀድሞ ይጠይቅ። ለዚህ መልስ ሳይዝ ቢቀርብ፥ በዤኔቭ እንደ ሆነው ሁሉ፥ አስቀድሞ የተዘጋ ጆሮ ይቈየዋል። ሕዝቡ ትሕትና ስላለው ያጨበጭብለት ይሆናል፤ ነገር ግን በማግስቱ እንደ ቀድሞው ይለቅማል።

እንግዲህ ንግግር የሚያዘጋጅ ሹም ቢሆን፥ መምህር ወይም ተማሪ ቢሆን፥ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ። ሰሚዬ አስቀድሞ የተቀበለው ነገር ምንድር ነው? የሚፈራውስ? ሊያደርገው የሚችለውስ? ይህን ያወቀ ሰው ቃል አይቸግረውም፤ ይህን ያላወቀ ግን የቃል ጎተራ ቢኖረው እንኳ ሰሚውን ባዶ እጁን ይሰደዋል።