ጥቁሩን ገመድ አሳዩኝ

ቴፕና ቤዝ ያስገጠመ ሰው መኪናውን ሲያሳየኝ አስቀድሞ ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍታል። መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ «ቤዙን ሰማህ?» ይለኛል፤ አጠገቡ የቆመው ተለማማጅም ደረቱን ይነፋል። እኔ የምሰማው ሌላ ነው፦ ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ የሚቀጥን፣ እግር ሲነሳ የሚወርድ ፉጨት። ዲናሞው በስፒከር እያፏጨ ገጣሚው «እጅህ ይባረክ» ሲባል ያንገበግበኛል።

የፓወር ገመዱ ፊውዝ ለባትሪው ቅርብ፣ በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን። የሲግናል ገመድና የፓወር ገመድ በተለያየ ጎን ይሂዱ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ትታችሁ አርኤምኤሱን (ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል) እዩ። ይሄን ኮርስ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

ብዙ ጊዜ ፉጨቱ የሚመጣበትን ማሳ ግን የሚያይ የለም። ከአምፕሊፋየሩ ወጥቶ የመኪናው ቦዲ ላይ የሚታሰረው ጥቁር ገመድ ማለቴ ነው። ተለማማጅ ቀዩን የፓወር ገመድ ደጋግሞ ይፈትሻል፣ ጥቁሩን ያገኘው ቦሎን ላይ ይጠመጥመዋል። በቀዩ የገባው ከረንት ሁሉ መመለሻው በዚያው ነው፤ ስለዚህ ውፍረቱ ከቀዩ እኩል፣ ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር በታች መሆን አለበት። ምንጣፉን ግለጡና እዩ። ቀለም ከረንት አያሳልፍም፤ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ሥራው አልተሠራም። ከታሰረ በኋላ ዝገት እንዳይበላው ላዩ ይቀባል። የወንበር ቀበቶ ቦሎን ላይ ማሳ የሚያስር ሰው ደግሞ የመኪና በር አይክፈት፤ ያ ቦሎን ነፍስ የሚይዝ ነው።

ጆሮውን ለማያምን ቴስተር አለ። ሙዚቃው ጮክ ብሎ እየሠራ አንዱን ጫፍ ማሳው ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ (ገመዱ ስለማይደርስ መቀጠል ያስፈልጋል)። ከ0.2 ቮልት ካለፈ ፈታችሁ እንደገና ፋቁ። ፉጨቱን ለማጥፋት «ፊልተር ግዛ» የሚል ገጣሚ የራሱን ጥፋት መልሶ እየሸጠላችሁ ነው።

ሙያውን ያስያዙኝ ሽማግሌ ኤሌትሪሺያን ከካሴት ዘመን ጀምሮ የሠሩ ነበሩ። የእኛን ሥራ ሲፈትሹ ሙዚቃ አያስከፍቱም። ሞተር አስነስተው፣ ቴፑን አብርተው፣ ድምፁን ዜሮ ላይ አድርገው ነዳጅ ረገጥ ለቀቅ እያሉ ያዳምጣሉ። ዝም ካለ ሳይናገሩ ይወርዳሉ፤ ምስጋናቸው ያ ነበር። ናስትሮ የተጠቀለለበት መገጣጠሚያ ካገኙ በፒንሳ ቆርጠው መሬት ይጥሉታል፤ ሙቀት ሙጫውን እንደሚያቀልጠው፣ ገመዱም ራቁቱን እንደሚቀር ስለሚያውቁ ነው። አንድ ጓደኛቸው ደግሞ ገመድ ሳይገዙ በፊት ጫፉን በምላጭ ይፍቁ ነበር። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ያን ውፍረት እንደ መዳብ የሚቆጥር ይቃጠላል።

እናንተም ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ድምፁን ዝጉና ምንጣፉን አስገልጡ። ገጣሚው ካንገራገረ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።