ክልሉ የማይፈቅደው ፊልም

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን የዚህ ተረት ተቃራኒ የሆነውን፣ የአገሩን ፊልም የአገሩ ዴክ አላጫውትም ያለበትን ታሪክ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ የምንከራተትበት ጊዜ ስለነበር፣ በመምህርነት ሰመራ የተመደበችውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ተነሣሁ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አውቶቡሳችን ለምሳ ሲቆም፣ ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ አንድ የዲቪዲ ዴክ ገዛሁላት። አዋሽን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር ሲያርፍባት የኖረ፣ ከወደብ የሚመጣውም ዕቃ በኬላዋ ሲፈተሽ የኖረባት ከተማ ናት። ባለ ሱቁ ጎልማሳ ካርቶኑን መታ መታ እያደረጉ፣ «ወንድሜ፣ ይኼ ያላጫወተውን ዲስክ ሌላም አያጫውተው!» አሉኝ። እኔም፣ «እርስዎ ካሉ ጋሼ» ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

በሻንጣዬ ውስጥ ዋሽንግተን የሚኖር ዘመዳችን የላከልን አንድ ዲስክ ነበር። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ሲሆን፣ ሽፋኑ ላይ የሐዳር ኮረብታዎች ይታያሉ። ሐዳር እንግዲህ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አፅም የተገኘበት፣ እዚያው በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ያለ የአፋር መሬት ነው።

ሰመራ ስደርስ ሙቀቱ ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ አልነበረም። እንደ አካባቢው ልማድ አልጋውም ቴሌቪዥኑም ወደ ደጅ ወጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከተሰበሰቡት መካከል አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ፤ በጉልምስናቸው ዘመን አፈር ሲቆፍሩና አጥንት ሲለቅሙ የሚውሉ ፈረንጆችን በዓይናቸው እንዳዩ ስለነገሩን፣ ፊልሙን ከሁላችንም ይልቅ የጓጉለት እሳቸው ነበሩ። ዲስኩ ገባ፤ ዞረ፤ ጥቂት አጉረመረመ። ከዚያ መስኮቱ ላይ አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ብሎ ቀረ።

«ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው በአክስቴ ልጅ አስተርጓሚነት።

«ክልላችሁ አይደለም ይላል።»

ሽማግሌው ሽፋኑን ተቀብለው ኮረብታዎቹን አንድ ባንድ ተመለከቱና፣ «ይኼ ሐዳር አይደለም እንዴ? ታዲያ የማን ክልል ሊሆን ነው?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በበኩሌ በዚያ ምሽት አንድ ፊልም ከመታየቱ በፊት ሊተች እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ፊልም ማን እንዲያየው እንደ ተፈቀደና ማን እንዳያየው እንደ ተከለከለ ከሽፋኑ ጀርባ በቁጥር ተጽፏልና።

*

ለመሆኑ ይህ «ክልል» የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን፣ በ1997 ደግሞ በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ፣ የሆሊውድ ኩባንያዎች ዓለምን ለስድስት ሸነሸኗት። አሜሪካና ካናዳ 1፤ ምዕራብ አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2፤ ደቡብ ምሥራቅ እስያ 3፤ አውስትራሊያና ላቲን አሜሪካ 4፤ አብዛኛው አፍሪካ፣ ሕንድና ሩሲያ 5፤ ቻይና 6 ሆኑ። 7 ቁጥር ለወደፊት ተቀመጠች፤ 8 ቁጥር ለአውሮፕላንና ለመርከብ ተሰጠች። ዲስኩም ዴኩም ቁጥር ተሰጣቸው፤ ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ዴኩ ዲስኩን አያነብም።

የኩባንያዎቹ ምክንያት ንግድ ነው። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ከሲኒማ ቤት ወርዶ በዲስክ ሲሸጥ፣ ሌላ አገር ገና በሲኒማ ቤት ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ዲስኩ ከአገር አገር ተሻግሮ ገበያ እንዳያበላሽ አጥር ይሠራለት ተባለ። በየአገሩ የተለያየ ዋጋ ለማስከፈልም ያመቻል። ነጋዴ ስለ ንግዱ ማሰቡ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ያን ካርታ እንደ አንድ ድርሰት ብናነበው ደራሲው ስለ እኛ ምን እንደሚያስብ እናያለን። ጅቡቲ 5 ናት። ባብ ኤል ማንደብን ተሻግራ የምትገኘው የመን 2 ናት። ከአህጉራችን ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር 2 ተብለዋል፤ አብዛኞቻችን ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ውስጥ ገባን። ይህን ድንበር ወንዝ አልሠራውም፤ ቋንቋም አልሠራውም፤ የሠራው የገበያ ግምት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ አጥር የተሠራለት ገበያ መታጣቱ ነው። በአዋሽም ሆነ በሎጊያ ሱቆች ስመላለስ፣ 5 ቁጥር የታተመበት ኦሪጅናል ዲስክ አንድም ቀን አልገጠመኝም። የገጠመኝ ወይ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው 1 ቁጥር፣ ወይ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ይዛው የመጣችው 2 ቁጥር፣ ወይም ምንም ቁጥር የሌለው ኮፒ ነው። በሩን ቆልፈውብን ቁልፉንም ሳይሸጡልን ሄዱ ማለት ነው።

አጥሩ የሚያጠምደው ድሃን ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ለእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ለጎርደን ብራውን የ25 አሜሪካ ሠራሽ ፊልሞች ስብስብ በስጦታ ሰጥተዋቸው ነበር። ዲስኮቹ የአሜሪካ ቁጥር ስለነበራቸው በእንግሊዝ ዴክ አልጫወት ማለታቸውን የአገሪቱ ጋዜጦች ጽፈው ተሳለቁ። ልዩነቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሌላ ዴክ ማስገዛት አያቅታቸውም፤ የሰመራዋ መምህርት ግን ያው አንዱን ዴኳን ይዛ ትቀራለች።

*

እንግዲህ አንባቢ፣ «ታዲያ ምን ዓይነት ዴክ ልግዛ?» ማለቱ አይቀርም። ዛሬም ቢሆን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጡ ዲስኮች ስላሉ፣ የተማርኩትን ላካፍል።

መጀመሪያ ነገር፣ ካርቶኑ ላይ «ለሁሉም ክልል» የሚል ጽሑፍ ስላለ ብቻ አትመኑ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አንዳንድ የሆሊውድ ኩባንያዎች ለሁሉም ክፍት የሆነ ዴክ ሲያጋጥመው ለይቶ የሚዘጋ ዲስክ ማውጣት ጀምረዋል። ስለዚህ የሚሻለው ዴክ ባለቤቱ በሪሞት ቁጥሩን ወደ 1፣ ወደ 2 ወይም ወደ 5 እየለወጠ የሚያዘው ነው። በብዙ ዴኮች ላይ ይህ ምስጢር በተደበቀ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ ትሪውን ከፍቶ ጥቂት ቁጥሮችን መንካት ይበቃል። ሱቅ ስትሄዱ ዲስካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲጫወት ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። በኮምፒዩተር አየዋለሁ የሚል ደግሞ ይጠንቀቅ፤ የኮምፒዩተር ዲስክ ማንበቢያ ክልሉን እንዲለውጥ የሚፈቅደው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ይቆለፋል።

ሁለተኛ፣ የሥዕሉን ሥርዓት ጠይቁ። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የኖረው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የአሜሪካ ዲስክ ግን በኤንቲኤስሲ የተቀረጸ ነው። ዴኩ አንዱን ወደ ሌላው ካልለወጠ፣ የክልሉ ቁጥር ቢስማማ እንኳ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ወይም ከላይ ወደ ታች ይንከባለላል።

ሦስተኛ፣ መብራቱን አስቡ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ «መቶ አሥር» ዴክ ከእኛ 220 ሶኬት ጋር ሲገናኝ የሚተርፈው ጭስ ነው። ከጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ከተገኘም ስታብላይዘር ጨምሩበት። በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ ሙቀቱና አቧራው ከመብራቱ አይተናነሱም፤ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ውስጥ ዴኩ መተንፈሻው ክፍት ሆኖ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በሌላ ዕቃ ላይ ሳይደረብ መቀመጥ አለበት። ዳንቴል የሚለብሰው ከጠፋ በኋላ ነው። በመጨረሻም የቤታችሁን ቴሌቪዥን ጀርባ ተመልከቱ፤ አንዳንዱ አዲስ ቴሌቪዥን ቀይ፣ ነጭና ቢጫውን ገመድ አይቀበልም።

*

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኮፒ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኮፒ ክልል የለውም። ኩባንያዎቹ የሠሩትን አጥር ያፈረሰልን ሕግ አክባሪ ነጋዴ ሳይሆን ኮፒ አድራጊው ነው። ለዚህ ነው ቪዲዮ ቤቱን እንዲያው በደፈናው ማውገዝ የማይሆንልኝ። የሕንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም፣ በአማርኛ የሚተረክ ትርጉም ፊልም እያየ ያደገ ትውልድ ሲኒማን ያወቀው በዚያው በር ነው።

ነገር ግን የኮፒው ዋጋ የሚመስለውን ያህል ርካሽ አይደለም። ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ከሲኒማ ቤት ወንበር ተሰርቆ የተቀረጸ ከሆነም የፊት ተመልካች ራስ አብሮ ይተውናል። ዳይሬክተሩ ስለ ሥራው የተናገረበት ክፍል ይቆረጣል። ከዚህም በላይ፣ ያንኑ ማሽን የአገራችን ፊልም ሠሪ ድካም ላይ ሲያዞሩት እናያለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ እያለ፣ ፊልሙን በማግሥቱ በየመንገዱ ማየት ለምዶብናል። የሆሊውድን አጥር ዘለልን ብለን የጎረቤታችንን ጓሮ ስንመነጥር አላወቅነውም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየን ኃይሌ ገሪማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ ትልልቆቹ አከፋፋዮች ፊት ነሱት። እሱ ግን በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራየ ፊልሙን ራሱ ለተመልካቹ አደረሰ፤ በኋላም ዋሽንግተን ውስጥ በፊልሙ ስም መጻሕፍትና ፊልም የሚሸጥበት ቤት ከፈተ። ይህን ሰው የማደንቀው በፊልሙ ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ ማን እንደሆነ ሌላ እንዲወስንለት አለመፍቀዱ ጭምር ነው።

በዲቪዲው አሠራር ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ከዚሁ ይመነጫል። አንድ ዲቪዲ እስከ 8 የድምፅና እስከ 32 የግርጌ ጽሑፍ መስመሮች መያዝ ይችላል። በሠላሳ ሁለት ቋንቋ ለሰው ልጅ ሊናገር የሚችል ዕቃ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። በእጄ ካገላበጥኳቸው የውጭ ዲስኮች መካከል ግን አማርኛም ሆነ አፋርኛ ያለበት አልገጠመኝም። ለቋንቋችን ቦታ አልተገኘም፤ ለመከልከያ ቁጥራችን ግን ተገኘ። ስለ አፋር መሬት የተሠራ ፊልም አፋር ሲደርስ ከዴኩ ጋር ቢስማማ እንኳ ከባለ መሬቱ ጋር አይግባባም።

*

አሁን ዘመኑ ተለውጧል። ወጣቱ ፊልሙን በፍላሽና በስልክ ይለዋወጣል፤ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 130 አገሮች በአንድ ቀን ገብቷል፤ አሜሪካ ውስጥ ሲሠራበት የኖረውን የዲስክ ኪራይም በመስከረም 2023 ዘግቷል። አጥሩ ግን አልፈረሰም፤ ከዲስኩ ወደ ኢንተርኔቱ ተዛወረ እንጂ። ያው ድርጅት ለአንዱ አገር የሚያሳየውን ለሌላው አያሳይም፤ «ክልላችሁ አይደለም» የሚለው ቃል «በአገርዎ አይገኝም» በሚል ተተካ። ዛሬ የተፈቀደልን ፊልም ነገ ውሉ ሲያልቅ ይወርዳል። በሣጥን ያለውን ዲስክ ግን ማንም መጥቶ አይወስደውም፤ የሚያጫውተው ዴክ እስካለን ድረስ የእኛ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ዴክ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ እላለሁ።

ወደ ሰመራው ምሽት ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ሎጊያ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ወጣት አግኝተን ዴኩን ወሰድንለት። ትሪውን ከፈተ፤ ሪሞቱን አንሥቶ ጥቂት ቁጥሮችን ነካካ፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። ዲስኩን ሲያስገባው የሐዳር ኮረብታዎች ፏ ብለው ወጡ። የዚያን ዕለት ማታ ቴሌቪዥኑ እንደገና ደጅ ወጣ፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝኛውን እየሰማች ለተሰበሰበው ሰው ስትተረጉም አመሸች።

ሽማግሌው ግን አልነበሩም። በዋዜማው ከግመሎቻቸው ጋር ወደ ግጦሽ ወጥተው ነበር።

እኔም በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። የማን ክልል ነው ላሉት ጥያቄ መልሱን ሳልነግራቸው።