«ማን ነው የሚያበላው?»

ውሻ ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ውሻውን በደንብ የሚያውቀው ሰው አይደለም። ባለቤቱ ሥራ ላይ ከሆነ ሾፌሩን ይልካል፤ ካልሆነም ቅዳሜ ከሰዓት ራሱ ጭኖት ይመጣል። «ምን ሆነ?» እለዋለሁ። «ምግብ እንቢ አለ።» «ከመቼ ጀምሮ?» «እ… ከትናንት መሰለኝ።» «ሰገራውስ?» እዚህ ላይ ይደናገርና «ቆይ ለጥበቃው ልደውል» ብሎ ስልኩን ያወጣል። መሀል ገብቼ «ለእኔ ይስጡኝ» እላለሁ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ውሻው ከሐሙስ ጀምሮ እንደሚያስመልሰው፣ ውኃ ግን እንደሚጠጣ፣ ረቡዕ ዕለት ደግሞ ከጎረቤት ግቢ የሞተ አይጥ በአፉ ይዞ እንደመጣ እሰማለሁ። ባለቤቱም አጠገቤ ቆሞ ይህን ሁሉ ገና መስማቱ ነው። «ምግብ እንቢ አለ» እና «መርዝ የበላ አይጥ በላ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ሕክምናዎች ናቸው።

ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስንማር ትልቁን ጊዜያችንን የወሰዱት ላም፣ በግና ዶሮ ነበሩ፤ የአገሪቱ ሀብት እዚያ ስላለ ተገቢ ነው። ላም ስትታመም ግን ባለቤቷ ራሱ አላቢዋ፣ ራሱ አብሊዋ ነው፤ የጠየቁትን ይመልሳል፣ ያልጠየቁትንም ይጨምራል። ከተማ ገብቶ ውሻና ድመት ማከም የጀመረ ሐኪም አዲስ የሚሆንበት ባለቤትና አብሊ ሁለት መሆናቸው ነው። ውሻው የጋሼ ነው፤ እንጀራውን የሚፈተፍትለት ግን ጥበቃው ነው። ድመቷ የልጆቹ ናት፤ አሸዋዋን የምትቀይረው ግን ሠራተኛዋ ናት። ስለዚህ ዕድሜና ዝርያ ከመጠየቄ በፊት «ማን ነው የሚያበላው?» እላለሁ። አንዳንዱ ባለቤት ይከፋዋል፤ «እኛ ነና!» ይላል። በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ብዬ ስቀጥል ግን ያው ስልክ ይወጣል።

መልሱ እስኪመጣ ውሻውን ጠረጴዛ ላይ ለማውጣት አልጣደፍም። ወለሉ ላይ ይለቀቅ፤ ይዙር፤ ያሽትት። ሆዱን ያመመው ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል፤ እግሩን ያመመው ሲዞር ያስታውቃል፤ ሊነክስ የሚያስብ ደግሞ አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ጥግ ብቻ ያየኛል። እንዲህ ያለውን አፉን በፋሻ አስሬ እንጂ እንዲሁ አልነካም። ከዚያ የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣቴ ገልበጥ አድርጌ ድዱን አያለሁ። ጤነኛ ድድ እርጥብና ሮዝ ነው። ጫን ሲሉት ይነጣል፤ ጣት ሲነሳ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ደሙ ይመለሳል። ከዘገየ የደም ዝውውሩ ተዳክሟል ማለት ነው፤ ጉሉኮስ ለማዘጋጀት እነሳለሁ። ከተፈጥሮው ጥቁር ድድ ያለውም አለ፤ እሱን የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልጦ ማየት ነው። የነጣ ድድ ደም ማነስን ያመለክታል፤ ቢጫው ጉበት ወይም የደም ሴሎች መፍረስ ነው። ድመት ላይ ቡናማ ድድ ካየሁ ግን ወደ ቤተሰቡ ዞሬ ስለ ክኒን መጠየቅ እጀምራለሁ።

ክኒኑ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ፓራሲታሞል ነው። ድመቷ ትኩሳት ያላት መስሏቸው፣ ወይ ስታነክስ አይተው አዝነው፣ ለሕፃን እንደሚሰጡት ግማሽ ክኒን በወተት በጥብጠው ሰጥተዋት ነው። የድመት ጉበት ግን ፓራሲታሞልን አጣርቶ የሚያስወግድበት ኢንዛይም እጅግ አነስተኛ ነው። መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ይለወጥና ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። የተለመደው 500 ሚሊግራም አንዱ ፍሬ አንዲትን ድመት ሊገድል ይችላል። ማርከሻ አለው፤ አሴቲልሲስቴን ይባላል፤ የሚያድነው ግን በሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ታዲያ «ማን ሰጣት?» ብሎ መጠየቅ ሰዓቱን ማባከን ነው። ሠራተኛዋ እመቤቷ ፊት «እኔ» አትልም፤ ሥራዋን ታስባለች። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ሰው ራሱን ሲያመው ምን ትወስዳላችሁ?» ክኒኑን ትነግረኛለች፤ ዓይኗ የቀረውን ይናገራል። እመቤቲቱን ካርድ እንድትከፍል ወደ ውጭ ልኬ «ስንት ሰዓት ገደማ ነበር?» ስላት ደግሞ ሰዓቱን ትነግረኛለች። ይህን የጥያቄ አጠያየቅ የትም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም።

ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ ሲያምጥ «ድርቀት ነው» ብለው ዘይት የሚያጠጡትም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የተዘጋው የሽንት ቧንቧው ነው፤ አንድ ወይ ሁለት ቀን ካለፈው ይሞታል። አሸዋው ደረቅ መሆኑን የምታውቀው የምትቀይረው ሴት ብቻ ናት።

ወደ ምግብ ስመጣ ጭቅጭቅ ይበዛል። የእኛ ቤት ውሻ የሚኖረው በትርፍራፊ ነው፤ ትርፍራፊ መብላቱ በራሱ አያስቆጣኝም፤ ሁሉም ሰው የታሸገ የውሻ ምግብ ይግዛ ብዬ የምሰብክ ሰው አይደለሁም፤ ዋጋውን አውቃለሁ። ችግሩ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ድመት ደግሞ ትብሳለች። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ማንም ከዶሮ ወጡ ጋር አያገናኘውም። ስለዚህ ለጥበቃው የምነግረው ቀላል ነው፦ ቁሌቱ ከመጀመሩ በፊት ሥጋውና ቅንጥብጣቢው ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ለብቻው ይቀቀልለት፤ በእንጀራ ወይም በሩዝ ይፈትፈት፤ ድስቱን የጠረገው እንጀራ ግን ለእሱ አይሰጠው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም፤ ሲሰበር ስለት ያወጣና አንጀት ይበሳል። የፋሲካ ማግስት ለምን ሥራ እንደሚበዛብን ይኸው ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የድመቷ ነገር ይመጣል። ለ55 ቀን ቤቱ ሥጋ አይገባበትም፤ ድመቷም ሽሮ ትቀርብላታለች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እያልን ያደግንበት ተረት እንደ ሐኪም ሳየው ፍጹም ትክክል ነው፤ ልርሳ ብትልም አትችልም። ድመት ያለ ሥጋ የማትኖር እንስሳ ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ ከሥጋ ካላገኘችው ውሎ አድሮ ዓይኗ ይጠፋል፤ ልቧም እንደሚደክም በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ግቢ ያላት ድመት አይጥ አድና ጾሟን ውጭ ትፈታለች። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተዘጋባት ግን ምን ታድን? አንዲት እናት «ዶክተር፣ በጾም ቤቴ ሥጋ አላስገባም» ሲሉኝ አልሞግታቸውም። ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝቶ ለብቻ በተለየ ዕቃ የሚያቀርብ፣ የሚጾመውን ሰው የማይነካ፣ ከልጆቹ አንዱ ይገኛል። ያንን ልጅ ጥሩልኝ እላለሁ። ከዚያ ወዲያ የድመቷ አብሊ እሱ ነው።

ውሻ ላይ የበዓሉ አደጋ ከድስቱ ይልቅ ከእርዱ ይመጣል። ቅርጫ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል፤ አራጁ «ይሄ አይበላም» ብሎ ይቆርጥና ለውሻው ይወረውራል። ውሻውም ደስ ይለዋል፤ ሰውም ደስ ይለዋል። ከረጢቱ ግን የትል እጭ መያዣ ነው። በሳምንታት ውስጥ ውሻው አንጀት ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይሆናሉ፤ ዕንቁላላቸው ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ ፀጉሩ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ የጓሮ ጎመኑ ላይ ያርፋል። ሰው ሲውጠው ያው ከረጢት ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ውሻው ራሱ አንዳች አይሆንም፤ ይወፍራል እንጂ። ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ሌላውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ሳይቀቀል አይሰጥ። ለውሻውም ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየጊዜው ይሰጠው። ይህን ለባለቤቱ ብነግረው «እሺ» ይለኛል፤ በእርዱ ሰዓት ግን እሱ ከእንግዶቹ ጋር ነው፤ ቢላዋውን የያዘው ሌላ ነው።

«ማን ነው የሚያበላው?» የሚለው ጥያቄ የሰው ነፍስ የሚሆንበት በሽታ ደግሞ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል ሰው የሚታየው ምራቁን እያዝረበረበ ያገኘውን የሚነክስ ውሻ ነው። እንዲህ ያለውን ሁሉም ይሸሸዋል። እኔ የምፈራው ጸጥ ያለውን ነው። ጥግ ይይዛል፤ ጨለማ ይመርጣል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ የታችኛው መንጋጋው ወርዶ አፉን መግጠም ያቅተዋል፤ መዋጥ ስለማይችል ምራቁ ይንጠባጠባል። ቤተሰቡ አይቶ የሚሰጠው ምርመራ አንድ ነው፦ «አጥንት አንቆት ነው።» ከዚያ አንድ ደግ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ አጥንቱን ሊያወጣለት እጁን እስከ ጉሮሮው ይሰዳል። ያ ሰው የሚያበላው ሰው ነው፤ ውሻው ሌላውን አያስጠጋማ።

ስለዚህ «አጥንት አንቆት» ተብሎ የመጣ ውሻ አፍ ውስጥ እጄን አላስገባም። ክትባቱን እጠይቃለሁ። ባለፉት ወራት ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሶ ያውቅ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ቫይረሱ ከንክሻው በኋላ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ስለሚቆይ ባለቤቱ ረስቶታል፣ ጥበቃው ግን አይረሳም። ከዚያ «አፉን ማን ከፈተው?» እላለሁ። ያ ሰው እጁ ላይ ጭረት ቢኖረው ምልክት እስኪታይ መጠበቅ የለበትም፤ በዚህ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ጠበል መሄድ የፈለገም ይሂድ፤ ክትባቱን ግን አስቀድሞ። አዲስ አበባ ይህን በሽታ ዛሬ አልተዋወቀችውም፤ በከተማዋ የተመዘገበው የመጀመሪያው ወረርሽኝ የ1903 እ.ኤ.አ. ነው። የከተማው ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ስሙን ያገኘው የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው በ1885 እ.ኤ.አ. ከሰጠው ሉዊ ፓስተር ነው።

የነከሰን ውሻ ሰፈርተኛው ወዲያው በድንጋይ ሲደበድበው ሁለት ነገር ይጠፋል። በሽታው የሚረጋገጠው በላቦራቶሪ አንጎሉ ተመርምሮ ነው፤ የተፈጨ ጭንቅላት ለምርመራ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባለቤት ያለውን ውሻ ሳይገድሉ አስሮ 10 ቀን መጠበቅ ነው። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ታምሞ ይሞታል፤ 10 ቀን አልፎት ደህና ከበላና ከጠጣ ንክሻው በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ክትባቱን እስከዚያ ሳያቋርጥ ይከታተላል። ታዲያ እነዚያን 10 ቀናት ሳይጠጋው ሳህኑን በእንጨት እየገፋ የሚያቀርበው፣ ሲበላ የሚያየው ማን ነው? ያው ነው። ውሻው በሦስት ወሩ ተከትቦ፣ በየዓመቱ ተደግሞለት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ ባልኖረ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው መሰራጨቱን ያቆማል፤ የሰፈሩን ውሾች ደግሞ የትኛው የማን እንደሆነ፣ የትኛው የት እንደሚያድር ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው ነው የሚያውቀው።

የክትባት ካርዱ ጋሼ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ጋሼ ደግሞ ይረሳል። ስለዚህ ካርዱ ላይ «ባለቤት» ከሚለው መስመር ሥር በእስክሪብቶ «የሚያበላ» ብዬ ስምና ስልክ እጨምራለሁ፤ የቀጠሮው ማስታወሻ የሚሄደው ወደዚያ ስልክ ነው። ስልኬ ውስጥ «ቦቢ ጥበቃ»፣ «ማክስ አትክልተኛ»፣ «ውሮ ሠራተኛ» የሚሉ ስሞች ሞልተዋል። ደመወዝ የዘገየባቸውም፣ ከአሠሪ የተጣሉም ይደውላሉ፤ አዳምጣለሁ፤ ምን ላድርግ። ሰው ሥራ ይቀይራል፤ ቦቢ ጥበቃ አሁን ቦሌ አካባቢ ሌላ ግቢ ገብቷል። በገባ በሳምንቱ ደወለልኝ፦ «ዶክተር፣ እዚህም ሁለት ውሾች አሉ። ካርድ አምጡ ብላቸው ካርድ ምንድነው አሉኝ። እሑድ ይመቾታል?»