ጨዋታን መጫወትና ጨዋታን መሥራት

መሣሪያ ሁሉ ለያዘው ሰው ታዛዥ ነው። መጥረቢያ ቤት ለሚሠራ እንጨት ይጠርባል፤ ለተጣላ ሰው ደግሞ ራስ ይፈነክታል። ምስጋናውም ሆነ ወቀሳው ለመጥረቢያው ሳይሆን ለእጁ ነው። ዛሬ ወጣቶቻችን በኪሳቸው የሚይዙት ስልክ፥ በጉልበታቸው ላይ የሚዘረጉት ላፕቶፕ፥ አንዳንዶቹም በክንዳቸው የሚያስሩት ሰዓት መሰል ኮምፒዩተር ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ሆኖም በላስታ አገራችን ስለዚህ ዕቃ የምሰማው ፍርድ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። ሽማግሌው «የጥፋት ዕቃ ነው» ይላል፤ ወጣቱ «የሥልጣኔ ዕቃ ነው» ይላል። ሁለቱም ዕቃውን እንጂ እጁን አይመለከቱም።

እኔም ከሽማግሌዎቹ ወገን ነበርሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉኝ መምህራን ጊዜን ማባከን ከስርቆት እንደማይለይ አስተምረውኝ ስለ ነበር፥ የሒሳብ መምህር ከሆንሁ በኋላ በክፍል ውስጥ ስልክ ባየሁ ቍጥር ደሜ ይፈላ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፥ አንድ ተማሪ ከዴስኩ ሥር አጎንብሶ ስልኩን ሲነካካ አየሁትና ነጠቅሁት። በጓደኞቹም ፊት «አባትህ የላከህ ልትጫወት ነው?» ብዬ አዋረድሁት። ልጁ ቀስ ብሎ «ጋሼ፥ ጨዋታ እየተጫወትሁ አይደለም፤ ጨዋታ እየሠራሁ ነው» አለኝ። ይህን እንደ ድፍረት ቈጥሬ ከክፍል አስወጣሁት።

በማግሥቱ ከአባቱ ጋር መጣ። ስልኩን መልሼ ሰጠሁትና «የሠራኸውን አሳየኝ» አልሁት። የሠራው ገበታ ነበር። እኛ መሬት ቈፍረን በጠጠር የምንጫወተውን ገበታ፥ ጠጠሩ ከየትኛው ጕድጓድ ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፥ መቼ እንደሚበላ፥ ማን እንዳሸነፈ፥ ትእዛዝ በትእዛዝ ጽፎታል። ሥራው ግን ገና አላለቀም ነበር። ጠጠሮቹ አርባ ስምንት መሆን ሲገባቸው፥ ጥቂት ከተጫወቱበት በኋላ እየጐደሉ ይሄዳሉ። «ለምን ይጐድላሉ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ትናንት ሲይዙኝ እሱን ስፈልግ ነበር» አለኝ። በውነቱ አፈርሁ። በትምህርት ሰዓት ማድረጉ ጥፋት ነበር፤ ሳልጠይቅ መፍረዴ ግን ከእሱ ጥፋት የከፋ ነው።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሊመረመር የሚገባው ወጣቱ ስልክ መያዙ ሳይሆን በስልኩ ሠሪ ነው ወይስ ተጫዋች ብቻ ነው የሚለው ነው። አገራችን ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። በጎረቤታችን በዋድላ የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሲሰማ ዕድሜውን ቢፈጅ ባለ ቅኔ አይባልም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ራሱ ቈጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት። ፕሮግራም መጻፍም እንዲሁ ነው፤ ልክ አለው፥ ሥርዓት አለው፥ አንዲት ምልክት ብትጐድል ሁሉም ይበላሻል። ሲጫወት የሚውል ሰው ግን የሌላውን ቅኔ ሰሚ ነው። መስማት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሰምቶ ብቻ መቅረት ነው።

በውጭ አገርም ታሪኩ ይኸው ነው። ከሚለበሱት ኮምፒዩተሮች የመጀመሪያው የተሠራው ለቁማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ቶርፕና ክሎድ ሻነን የተባሉ የአሜሪካ የሒሳብ ሊቃውንት የሲጋራ ፓኮ የሚያህል ኮምፒዩተር ሠርተው በልብሳቸው ውስጥ ደበቁ። በጫማቸው ውስጥ ያለውን መጫኛ በእግር ጣት እየነኩ፥ በላስ ቬጋስ የሩሌት ኳስ የት እንደምታርፍ ለመገመት ሞከሩ። ዓላማቸውን አላመሰግንም። ነገር ግን እነሱ አስቀድመው የኳሷን ጕዞ አጥንተው፥ ማሽኑንም በእጃቸው ሠርተው ነበር። ዛሬ በስልኩ በኳስ ግጥሚያ የሚወራረደው ወጣት ከእነዚያ ሊቃውንት የወሰደው ቁማሩን ብቻ ነው። ሒሳቡን የሠራለት ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ሒሳቡን የሠራው ለራሱ ትርፍ እንጂ ለተወራራጁ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ መሣሪያውን ያለ ልክ የሚያመሰግኑ አሉ። በ2004 ዓ.ም. «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ሃያ ሃያ ለሚያህሉ ሕፃናት ታብሌት አደለ። መምህር አልተመደበም፤ ትልልቆቹ ሰዎች የተማሩት ታብሌቱን በፀሐይ ኃይል መሙላት ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ አንድ ሕፃን በአራት ደቂቃ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወርም ውስጥ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ በራሳቸው ብልሃት ከፈቱት። ይህ ብልሃት ያኰራል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ መምህር አያስፈልግም» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የተዘጋ በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ቤት መሥራት ሌላ ነው።

ለዚህ ምስክሬ ያ ተማሪ ነው። የጠፉትን ጠጠሮች ብቻውን ብዙ ቀን ፈልጎ አጣቸው። በመጨረሻ ሁለታችን ደጅ ወጣንና በየረድፉ ስድስት ጕድጓድ ቈፍረን፥ እሱ ትእዛዙን እያነበበ እኔ ጠጠሩን አንቀሳቀስሁ። «ወደ አሥራ ሁለተኛዋ ጣል» ሲል ድንገት ዝም አለ። እሱ ጕድጓዶቹን ከ1 እስከ 12 ቈጥሮ ነበር፤ ማሽኑ ግን የሚቈጥረው ከ0 እስከ 11 ነው። አሥራ ሁለተኛ ያላት ጕድጓድ በስልኩ ገበታ ላይ የለችም፤ ወደ እሷ የተጣለው ጠጠር ሁሉ ይጠፋ ነበር። እኔ ፕሮግራም አላውቅም፤ አብሬው መቍጠር ብቻ ነው ያገዝሁት። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሠራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቍጥር ጀምሮ ይመረምራል።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቈየ። ያን ጊዜ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ሁሉ ከእጃቸው ጠፋ፤ በራስ ውስጥ የተከማቸ ዕውቀት ግን አልጠፋም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የነጻ ትምህርት ጀመረ። መልካም በር ነው፤ ግቡበት። ነገር ግን የምስክር ወረቀት የሠራችሁት ሥራ መስካሪ ካልሆነ ወረቀት ብቻ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ወደ ታች የፈለፈሉት አባቶቻችን አንድ ጊዜ ቢስቱ የቈረጡትን ዐለት መመለስ አይችሉም ነበር፤ ሆኖም ጀመሩ፥ ፈጸሙም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን መቶ ጊዜ ቢስት መቶ ጊዜ ያርማል። እንግዲህ የምትፈሩት ምንድን ነው? ተጫወቱ፤ ጨዋታ ለደከመ አእምሮ ዕረፍት ነው። ነገር ግን ከተጫወታችሁት አንዱን መርጣችሁ እንዴት እንደ ተሠራ መርምሩ፤ ከዚያም ትንሽም ቢሆን የራሳችሁን ሥሩ። ሲያቅታችሁም ብቻችሁን አትቅሩ፤ አብሯችሁ የሚቈጥር ሰው ፈልጉ።