ቤቱ በመሪ ስም፤ ድምፅ ማጉያውስ በማን እጅ?

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኮልፌ ተነሥቼ መሐል ከተማ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ተገኘሁ። የጥሪው ወረቀት «ሕዝባዊ ውይይት» ይላል፤ ርእሱም የአንድ ያለፉ መሪ ሥራ ነበር። በ8 ሰዓት ይጀመራል የተባለው ዝግጅት የክብር እንግዶቹ እስኪሰባሰቡ 9 ሰዓት ሆነ። ከዚያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግርና የምስጋና ንግግር ተከታተሉ። ጥናቱም ከወረቀት ላይ ተነበበ። በመጨረሻ «በሰዓት ጥበት ምክንያት ሁለት ጥያቄ ብቻ እንቀበላለን» ተባለና ድምፅ ማጉያው ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄደ። ከዚያም የተሰማው ጥያቄ ሳይሆን ሙገሳ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን እንዳነሣ ጉባኤው ተዘጋ። ማታ የኮልፌ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘንና ደብተሩን አሳየኝ። የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «እኚህ መሪ ከሠሩት ሁሉ የትኛውን ባይሠሩት ይሻል ነበር?» ይላል።

የአዳራሹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አንባቢ የየራሱን አዳራሽ ያስታውሳልና። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በመሪ ስም ወይም በመሪ ፈቃድ የቆመ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ቤት የሚሆነው በመስተዋቱና በመደርደሪያው ብዛት አይደለም። ያ ተማሪ ጥያቄውን በድምፅ ማጉያ መጠየቅ ሲችል ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን ከሁሉ በኋላ ይሰማል። ለመሪ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ጆሮውን ይጠብቁለታልና። በስሙ የሚቆም ቤትም ካልተጠነቀቁለት ያንኑ ጠባይ ይወርሳል።

የፕሬዚዳንት ቤተ መጻሕፍትን ልማድ ያደረጉት አሜሪካኖች ናቸው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ገና በሥልጣን ላይ ሳሉ፣ በተወለዱበት በሃይድ ፓርክ፣ የወረቀቶቻቸው ማኖሪያ የሚሆን ቤት አሠርተው እ.ኤ.አ. በ1941 አስመረቁ። በ1955 ደግሞ ሕግ ወጣለት። እነዚህ ቤቶች መዝገብ ማከማቻ ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ ንግግር፣ ክርክርና ዐውደ ርእይ የሚዘጋጅባቸው ናቸው። ነቀፋ የለባቸውም ማለቴ ግን አይደለም። የኒክሰን ቤተ መጻሕፍት በ1990 ሲከፈት የዋተርጌትን ቅሌት የሚያሳየው ክፍል ነገሩን የሚተርከው በኒክሰን ወገን ሆኖ ነበር። ቤቱን የመንግሥቱ ቤተ መዛግብት ከተረከበው በኋላ ነው በ2011 በሰነድ የተደገፈ ሌላ ዐውደ ርእይ የተተካው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ በሊንደን ጆንሰን ቤተ መጻሕፍት የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 ስለ ጥቁሮች የዜግነት መብት ጉባኤ ተጠርቶ ነበር። ጆንሰን ልባቸው ታሞ ሳለ መጥተው ንግግር አደረጉ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ሁለት ታጋዮች የወቅቱን የኒክሰንን መንግሥት የሚወቅስ መግለጫ ካላነበብን አሉ። ጉባኤው ታወከ። በኋላ ግን መድረኩ ተሰጣቸውና አነበቡ። ጆንሰንም ሁለተኛ ወደ መድረክ ወጥተው ያለ ወረቀት ተናገሩ። 6 ሳምንት ያህል ቆይተው አረፉ። ጉባኤው ዛሬ ድረስ የሚነሣው ስለ መብት የተጠራ ስብሰባ የተሰብሳቢውን መብት መከልከል እንዳልቻለም ስላሳየ ይመስለኛል።

የሩቅ አገር ምሳሌ ምን አመጣው የሚል ይኖራል። የእኛም ቤት እኮ ባዶ አይደለም። በ1953 ዓ.ም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከበረው የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ሲያነብ ጃንሆይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። በ1959 ዓ.ም ደግሞ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም» ተሰማ። ያ መድረክ ለቤተ መንግሥቱ የሚመች መድረክ አልነበረም። ከስድሳ ዓመት በኋላ የምናስታውሰው ግን የዕለቱን የመክፈቻ ንግግር አይደለም፤ ግጥሞቹን ነው። ጃንሆይ በ1954 ዓ.ም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡ፣ የንጉሥ መኖሪያ የነበረው ቤት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ማደሪያ ሆነ። ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት መሆን እንደሚችል በዚያ አይተናል።

በ1936 ዓ.ም የተቋቋመው ወመዘክርም አዳራሹ ለመጽሐፍ ምረቃና ለመጽሐፍ ውይይት ሲያገለግል ኖሯል። ደራሲ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲተች ማየትን ብዙዎቻችን የለመድነው በእንደዚህ ዓይነቱ አዳራሽ ነው። በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አነሣሽነት አራት ኪሎ ላይ የተሠራው አብርሆት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ተመረቀ። 1.1 ቢሊዮን ብር እንደወጣበት ተነግሯል። ወጣቱ ንጹሕ ወንበርና ብርሃን አግኝቶ ማንበቡ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ዳሩ ግን የማንኛውም ቤተ መጻሕፍት መድረክ በምረቃ፣ በሽልማትና በዐውደ ርእይ ብቻ ከተወሰነ፣ «አብርሆት» የሚለው ቃል የሕንፃ ስም ሆኖ ይቀራል። ብርሃን የሚበራው ሐሳብ ከሐሳብ ሲፋጭ ነውና።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነው። ለ6 ወር የታሰበው ሥልጠና ወደ አገርህ ተመለስ የሚል መልእክት ደርሷቸው በ2 ወር ተቋረጠ። ሲሰናበቱ ኮሎኔል ታደሰ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት እንደሰጧቸው በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። ኮልፌ ላይ ይህን የማይተርክ የለም። ግማሹን ታሪክ ግን እንተወዋለን። እኚያ ኮሎኔል፣ ኋላ ጄኔራል ታደሰ ብሩ፣ የ1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ካከሸፉት መኮንኖች አንዱ ነበሩ፤ በዚያው በጃንሆይ ዘመን ታሠሩ፤ በ1967 ዓ.ም ደግሞ በደርግ ተረሸኑ። ማንዴላን ለነፃነት ያሠለጠነች አገር የአሠልጣኙን ነገር እንዴት ጨረሰችው? ይህ ከሽጉጡ ታሪክ የሚከብድ ጥያቄ ነው። መድረክ የሚያስፈልገውም ለእንደዚህ ያለው ነው።

ማንዴላ በ1999 እ.ኤ.አ. በስማቸው ያቋቋሙት ድርጅት ከ2003 ጀምሮ ዓመታዊ ንግግር ያዘጋጃል። ቢል ክሊንተን ጀመሩት፤ ዴዝሞንድ ቱቱና ዋንጋሪ ማታይ ቀጠሉ። በ2015 ፈረንሳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶማስ ፒኬቲ ስለ ሀብት አለመመጣጠን የተናገረው ሶዌቶ በሚገኘው የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ነበር። ንግግሩ ወደ ሰፈሩ ሄደ እንጂ ሰፈሩ ወደ ንግግሩ አልተጠራም።

እኛ ዘንድ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጉባኤው ሁሉ መሐል ከተማ ነው። የከተማው ባቡር በ2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ቆመ፤ የአለም ባንክና የቤተል ሰው ከዚያ በኋላ ታክሲ ይጋፋል። 12 ሰዓት የሚያልቅ ውይይት የኮልፌን ልጅ 2 ሰዓት ቤቱ ያስገባዋል። እናቱ «የት ነበርክ?» ብትለው «ሙገሳ ስሰማ» ይበላት?

ስለዚህ በበኩሌ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከዝግጅቱ ሰዓት እኩሌታው ለተሰብሳቢው ይሁን። ከመድረኩ ላይ ቢያንስ አንድ የማይስማማ ሰው ይቀመጥ። የተባለውም ሁሉ ተቀድቶ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ይኑር፤ ነገ የሚመጣ ተመራማሪ ያዳምጠዋል። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ፣ ማንዴላ በተወለዱበት በሐምሌ 11፣ ጉባኤው ወደ ኮልፌ ይምጣ። ወጪው ከባድ አይደለም፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃል። የክብር እንግዶቹም እንደ ሌላው ሰው በሰዓቱ ይድረሱ።

ያን ተማሪ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰፈር ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ሌላ ጉባኤ ሄዶ እንደሆነ ስጠይቀው «ምን ልሠራ?» አለኝ። ጥያቄው ግን አሁንም ደብተሩ ላይ ነው።