የቋሚ ሽምጠጣ ጥያቄዎች አፈታት፦ አጭር ሂስ

ስለ ቋሚ ሽምጠጣ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ቀመር መርጦ ቁጥር በመተካት ብቻ ማስፈታት ጊዜ ቆጣቢ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ዘዴው ተማሪው ሁኔታውን እንዲመረምር አያስገድደውም።

ለምሳሌ፣ በሴኮንድ 20 ሜትር ይጓዝ የነበረ መኪና ፍሬን ይዞ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ5 ሜትር በሴኮንድ እየቀነሰ ቢቆም፣ በ6 ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል ይጓዛል? ቀመሩ በቀጥታ ሲሠራበት 30 ሜትር ይሰጣል። መኪናው ግን በ4ኛው ሴኮንድ መጨረሻ 40 ሜትር ተጉዞ ቆሟል፤ ያለ ወሰኑ የተሠራበት ቀመር 10 ሜትር ወደ ኋላ መልሶታል። የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ቢነደፍ ኖሮ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት እውነቱን ባሳየ ነበር። ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ እንቅስቃሴ ያስረዳው በሥዕል ነው።

ስለሆነም ፈተና አዘጋጆች ለመጨረሻው መልስ ብቻ ሳይሆን፣ ለግራፉና ቀመሩ ለሚሠራበት ወሰን ጭምር ነጥብ ሊመድቡ ይገባል።