ትከሻ የሚፈርድበት ድምፅ

የኤሌክትሮኒክ ሮክ ባንድ መድረክ ላይ ምን ይልበስ፣ መብራቱ እንዴት ይሁን፣ ከጀርባው ስክሪን ላይ ምን ይታይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ነው። ዘፈኑ ተቀድቶ ያልቃል፤ ከዚያ ልብስ ሰፊ ይጠራል፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ይፈለጋል። እኔ በእንዲህ ያለ ባንድ ውስጥ ኪቦርድና ድራም ማሽን ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ይህ አካሄድ ጨርሶ አይዋጥልኝም። ያደግሁት አዲስ ዘመን፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ ነው። በዚያ አገር የሚታየውና የሚሰማው አብሮ ይወለዳል።

ለዚህ ትልቁ ምስክሬ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ሕዝብ የሚያነሣቸው በቀልዳቸው ነው፤ ለእኔ ግን እኚህ የፎገራ ሰው ከምንም በፊት የእንቅስቃሴ ሊቅ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣናን ማዕበል መመላለስና በዳሩ ያለውን ሸምበቆ መወዛወዝ አይተው በቤተ ክርስቲያን ማሕሌት የመቋሚያውን አነሣሥና የሰውነቱን ዝማሜ እንደ አዲስ ቀመሩት ይባላል። ጎንደር ላይ ቶሎ አልተወደደላቸውም፤ ልጃቸው ተክሌ ግን ደብረ ታቦር ላይ አስተምሮ አስፋፋው። ሥርዓቱ ዛሬም ተክሌ አቋቋም እየተባለ በልጁ ስም ይጠራል።

የማሕሌቱን ቅደም ተከተል በሙዚቀኛ ጆሮ አስቡት። ዜማው መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይቆማል። ቀጥሎ መቋሚያው መዝመም ይጀምራል። ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ በዝግታ ይገባሉ፤ ይህ መረግዱ ነው። ኋላ ጽፋቱ ይመጣል፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ ይጨበጨባል። ቃሉ ያው፣ ዜማው ያው፣ ግን እርከን በእርከን እየሞላ ይሄዳል። የክለብ ሙዚቃ ሠሪዎች ይህን እየሞላ የሚሄድ ድምፅ በፊልተርና በኖይዝ ለመፍጠር ብዙ ይለፋሉ፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ እርከን የራሱ የሰውነት እንቅስቃሴ አለው። ማሕሌትን ወደ ዘፈን መድረክ አላመጣም፤ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሳምፕልም አልወስድበትም። የምማረው ሕጉን ነው። አዲስ ድምፅ ሲገባ አዲስ እንቅስቃሴ ይግባ፤ ድምፅ ሳይጨመር መብራት አይጨመር።

በአገራችን የሮክን ድምፅና መልክ አንድ ላይ አስቦ የተነሣው ጃኖ ባንድ ነው። «ኤርታሌ» የተሰኘው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1983 የኸርቢ ሃንኮክን «ሮክኢት» አብሮ የሠራ፣ የእጅጋየሁ ሽባባውን እ.ኤ.አ. የ2001 አልበም ያዘጋጀ፣ ማሽንና የሰው እጅ እንዴት እንደሚጋቡ የሚያውቅ ሰው ነው። ከፊት ወንድና ሴት ድምፃውያን፣ ከኋላ በዲስቶርሽን የሚያገሣ ጊታር። ብዙዎች ያን ጊዜ «ይህ የእኛ ሙዚቃ አይደለም» አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም የሙያ ነው። ዲስቶርሽን ብዙ ኖታ ያለውን ኮርድ ያደፈርሰዋል፤ አንድ የዜማ መስመርን ወይም በአምስተኛ ርቀት ያሉ ሁለት ኖታዎችን ግን ያወፍረዋል፣ ያስረዝመዋል። የእኛ ዘፈን ደግሞ በኮርድ ላይ የተገነባ አይደለም፤ ድምፃዊው፣ ማሲንቆውና ክራሩ በአንድ መስመር ላይ እየተከታተሉ፣ እየተሻሙ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ትዝታም ሆነ ባቲ በሚያገሣ ጊታር ሲመታ አይጠፋም። ሻካራ ድምፅም ቢሆን አዲስ አልመጣብንም፤ በገና ላይ በጅማቱና በድልድዩ መካከል የሚገባው እንዝራ ሥራው ድምፁን ማንዘር ነው። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን በሳክስፎን ሲያስፎክር የኖረው ሮክ ሳይታሰብ ነው።

የባንዱ ስም የተወሰደበት ልብስም ቢሆን በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ጥጥ፣ መኳንንት የለበሱት፣ ጎንደሬ ዛሬም በሠርግና በበዓል የሚኮራበት። መድረክ ላይ ግን ጃኖ የራሱ ጠባይ አለው። ነጩ ጥጥ የተጣለበትን ቀለም ሁሉ ይቀበላል፤ ሰማያዊ ቢያበሩበት ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ ቢያበሩበት ብርቱካናማ ይሆናል። ቀዩ ጥለት ግን በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ መብራት ሥር ይጠቁራል፤ የልብሱ ክብር የተቀመጠበት መስመር የሐዘን ልብስ ይመስላል። ይህን የማያውቅ የመብራት ባለሙያ ሸማኔው የደከመበትን በአንድ ቁልፍ ያጠፋዋል። ስለዚህ ጃኖ ከለበስን ቀዩን የሚያወጣ ሞቅ ያለ ብርሃን እንፈልጋለን፤ ሰማያዊውን የምናስገባው ድምፁም ሲቀዘቅዝ፣ ጥለቱ እንዲጠፋ ስንፈልግ ነው። ያኔ መብራቱ የዘፈኑ አንድ ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ምቱ ላይ ግን ከሁሉም በላይ ጥብቅ ነኝ። ችክችካን ኮምፒውተር ላይ በ6/8 ጽፋችሁ ሁሉንም ምት በኳንታይዝ መስመር ላይ ብትደረድሩት ሒሳቡ ልክ ይሆናል፤ ትከሻ ግን አይነሣም። እስክስታ የሚኖረው በምቶቹ መካከል ባለችው ትንሽ መዘግየት ውስጥ ነው፤ ያችን ከነጠቃችሁት ጨፋሪው ምትን መከተል እንጂ መጫወት አይችልም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ ዋሽንግተን የቀዳውን ካሴት የምወደው ለዚህ ነው፤ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አኮርዲዮኑ ደግሞ እንደ ልቡ ይዘገያል፣ ይቀድማል። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ» የተሰኘውን አልበሙን ይዞ ሲመጣ የሰበሰበው ወጣትም ይህ የማሽንና የሰው ጋብቻ ያለ አስተማሪ ገብቶታል። እኔ አዲስ ቢት ስሠራ የመጨረሻው ፈራጅ የደብረ ታቦር ጨፋሪ ነው። ስክሪኑን አላይም፤ ትከሻውን አያለሁ።

ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ከደብረ ታቦር ዙሪያ ጅራፍ እቀዳለሁ። የጅራፍ ጩኸት የሚወጣው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ነው፤ ስለዚህ ማይክራፎን ቅርብ ከሆነ የድምፁ አናት ይቆረጣል፣ ራቅ ብሎ ሲቀዳ ግን ከተራራው የሚመለሰው ማስተጋባትም አብሮ ይገባል። ከስኔር ሥር ሳስገባው ሌላ ድራም የማይሰጠኝን ስለት ይሰጠኛል። ከድምፁ በላይ ያስተማረኝ ግን እጁ ነው። ልጁ ጅራፉን ከራሱ በላይ ሲያዞር ዓይን ጩኸቱን አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ድምፁ ሲመጣ ሰውነት ተዘጋጅቶ ነው።

ይህ ለሜዳ ኮንሰርት ትልቅ ቁም ነገር ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ብርሃን ግን ወዲያው ይደርሳል። ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ምቱን የሚሰማው ብልጭታውን ካየ ሲሶ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው፤ በፈጣን ዘፈን ይህ ወደ አንድ ምት ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በየምቱ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ከፊት ላለው ሰው ያምራል፣ ከኋላ ላለው ግን ሙዚቃውን ያፈርስበታል። መብራታችንን የምናስረው በከበሮው ላይ በተለጠፈ ሴንሰር ቢሆንም፣ ብልጭታ አናዘውም፤ በአራት ወይም በስምንት ምት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚዘምና የሚመለስ ብርሃን ነው የምናዘው። እንዲህ ያለ ብርሃን ከየትም ቦታ ሲታይ ከድምፁ ጋር ይስማማል። መብራት የሚይዘው ሰውም ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር ይቀመጣል፣ ችክችካን በእጁ ማጨብጨብ ይማራል፤ ይህን ያልቻለ ሰው ምንም ያህል ማሽኑን ቢያውቅ መድረካችን ላይ አይቆምም።